ስድስትና አሥራ ሁለት

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣
የቆርቆሮ በሬን ገፍቶ አንድ ሰው ገባ።
ልጅ እግር ነው፤ ጫማው ገና ያላወቀው አቧራ፣
ሳይቀመጥ፣ ስሜን ሳይጠይቅ፣ ስለ ዋጋ አወራ፦
«ለሰርግ የሚከራይ አሮጌ መኪና
ፈልጌ ነው፣ ጋሼ፤ ፎቶ ይወዳሉና
ሙሽሮች ዘንድሮ። ከነዚህ ከሁለቱ የቱ ነው
ክላሲክ የሚባለው? የቱስ ነው የሚያምረው?»

ቮልሷ የሃምሳ ስምንት ናት፤ የሲስተር አልጋነሽ።
«ሦስት ዓመት ቆጥቤ፣ ማንንም ሳልለምን ገዛሁሽ»
ትላት ነበር፣ ኮፈኖዋን እየወለወለች፤
እሷም በጀርባዋ ቱክ ቱክ ቱክ እያለች።
ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት፣
ውሃ የማትጠጣ፣ ንፋስ የሚበቃት፤
እንጦጦን ስትወጣ እንደ ባሕታዊት
በጾም ነው የምትዘልቅ፤ መፍላት አያውቃት።

ላዳው የሰባ ስድስት፤ ከሌላ ዘመን ነው፤
ማዕዘን ብቻ፣ ልጅ የሣለው ሣጥን የሚመስለው።
የድንበሩ ታክሲ፤ በኩፖን ሰልፍ ሌሊቱን ያደረ፣
ከቀበሌ ስብሰባ የቀረውን በጓሮ ያሻገረ፣
ሁለት ምጥ ከሆስፒታል ሳይደርስ ያዋለደ፣
ሒሳብ ሳይጠይቅ ስንቴ የነጎደ።
ግን ውሃ ይወዳል! ዳገት ሲያይ ይጠማል፤
ድንበሩ ከወንበሩ ሥር ጀሪካን ይሸከማል።

የሷ በር ሲዘጋ እንደ ዳዊት መጽሐፍ፤
የሱ በር ሲዘጋ ጎረቤት ከእንቅልፍ
ይነቃል።
ታዲያ ሲሰበር፣ ለሱ ሽቦ ይበቃል፤
ለሷ አንዲት ቡሎን ፍለጋ ስንቱ ይጠየቃል?

ማንኛው ይበልጣል? ይህን ሃያ ዓመት ሸሸሁ፣
አንዷን ባደንቅ ሌላው ይሰማል እያልሁ።

ልጁ ግን አልቆየም። ቮልሷን አንዴ ዞራት፣
በስልኩ አነሣት፣ በጣቱ ነካካት።
«እሷን እወስዳለሁ፤ ያኛው ግን…» አለና
ጎማውን ጠለዘው፤ «በኪሎ ይሽጡት፣ ብረት ውድ ነውና።»

ምንም አልመለስኩም።
ሎቤዱ አስፋልት ላይ ቆሟል፤ ጭቃ ፈርቶ አልመጣም፤
ቮልሷ፣ ካርቡራቶሯ ደርቆ፣ ድምፅ አታወጣም።
ልጁ ከመኪናው አዲስ ባትሪ አውጥቶ
ሊያስራት ሲል ጮህኩኝ፤ ቀረ እጁን ዘርግቶ።
«ተው! ስድስት ቮልት ናት። አሥራ ሁለት ብትሰጣት
አምፖሏ አንዴ ይፈካል፤ ከዚያ ጨለማ ነው የሚውጣት።»

መደርደሪያዬ ላይ ሁለት የሷ ባትሪዎች ነበሩ፤
ፖዘቲቭ ከኔጋቲቭ በአንድ ሽቦ ታሰሩ።
ስድስት በስድስት ላይ። የላዳውን ኮፈኖ ከፈትኩ፤
ቤንዚን በክዳን አቅምሼ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ጠበቅኩ።
አንዴ አስነጠሰ። ቀጥሎ አጉረመረመ።
በሦስተኛው ተነሣ፤ ግቢው በጭስ ጨለመ።

«ገመድ!» አልኩ። የኪሎው ብረት ከፊት፣
ከኋላ ሙሽሪት፣
በአንደኛ ማርሽ ወጣናት ያቺን ቀይ ዳገት።
ልጁን በስፖኪዮ አየዋለሁ፤ መሪዋን በሁለት እጁ
እንደ ሕፃን ታቅፎ፤ ጭቃ በልቶታል ሱሪው እስከ ቅልጥሙ።
አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ላዳው ፈላ፣ እንደ ልማዱ፤
ከጀሪካን አጠጣሁት፣ ጠርዝ ላይ ከመንገዱ።
በጎናችን ሽው ሽው ይላሉ የዛሬዎቹ መኪኖች፣
ጭስ የላቸው፣ ድምፅ የላቸው፣ እንደ ድመት እግሮች።

«ይሄኛውስ ዋጋው?» አለኝ ገመዱን ሲፈታ።
አልሰማሁም መሰለው፤ ዝም አልኩት ለአፍታ።
የቮልሷን ኋላ ነበር የማየው፣ ሎቤዱ ላይ ስትወጣ፤
ሲስተር ብትኖር «ቀበቶዋን አጥብቁ» ብላ ትቆጣ።

ማታ ግቢ ገባሁ። እሷ የቆመችበት
መሬቱ ደረቅ ነው፤ ሣር አልበቀለበት።
ላዳውን ከጎኑ፣ ወደ ድሮ ቦታው መለስኩ።
ቤንዚን ውድ ነው፤ አውቃለሁ።
ሞተሩን ሳላጠፋ፣ እስኪያልቅ አብሬው ተቀመጥኩ።